«ሚስ፣ ገንዘብ ይዋሻል እንዴ?»

ባለፈው እትም ለልጆች ታሪክ ለመንገር ወደ ትምህርት ቤቶች እንደምሄድ ጠቀስ አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለዚሁ ናቸው። ለማታውቁኝ፣ ነዋሪነቴ አዳማ ነው። አሥራ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። አሁን ለልጆች የታሪክ መጻሕፍት እጽፋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ብቅ እላለሁ። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። አምና አንድ እንግዳ ታሪክ እንዲነግራቸው ጋብዘን ነበር። ሰውየው ብዙ ያውቃሉ። ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልጆቹ ዴስክ ላይ ተደፉ። ዘንድሮ ደራሲ ልንጋብዝ አስበናል። እንደ አምናው እንዳይሆን ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ጉብኝቴ ላይ ከአክሱም ተነስቼ አድዋ እስክደርስ አርባ ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ጸጥታው ማዳመጥ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሲያልቅ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ማንም እጁን አላወጣም። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ሚስ፣ ሐውልቱን ነክተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አክሱም ስሄድ ነክቼዋለሁ። «አዎ» አልኳት። «ይቀዘቅዛል?» አለች። ይሄኔ ክፍሉ ነቃ። ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል አልኳቸው። ከሮም የተመለሰው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ እንደሆነ ነገርኳቸው። የክፍሉ ጣሪያ ስንት እጥፍ ይሆናል ብለው ሲከራከሩ ደወል ተደወለ። አርባ ደቂቃ ካወራሁት ይልቅ ያቺ የመጨረሻዋ ሦስት ደቂቃ በለጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ እጄን ክፍል ገብቼ አላውቅም።

አሁን የምይዘው የአያቴን ማርትሬዛ ነው፤ ድሮ ይገበያዩበት የነበረ የብር ገንዘብ። አያቴ አንገቷ ላይ ታስረው ነበር። ጠርዙ ላይ የቀለበት ማስገቢያው ምልክት ዛሬም አለ። መጀመሪያ ምንም አልናገርም። ከፊት ዴስክ ላለው ልጅ እሰጠውና በእጁ ይመዝነዋል። ወደ 28 ግራም ነው፤ ለትንሽ መዳፍ ይከብዳል። ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ የሁሉም ላብ ይነካዋል። ሴትየዋን ያያሉ፣ ዘውዷን ያያሉ፣ ጽሑፉን ለማንበብ ይሞክራሉ። የማይታወቅ ቋንቋ ነው። ቁጥሩ ግን ይታወቃል።

«ስንት ይላል?»

«1780!»

«ታዲያ መቼ ተሠራ?»

«በ1780!» ሁሉም ባንድ ድምፅ ነው።

ከዚያ እነግራቸዋለሁ። ሴትየዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ ኦስትሪያን ትገዛ የነበረች ንግሥት። የሞተችው በፈረንጆች 1780 ነው። ከሞተች በኋላ ግን ገንዘቡ መሠራቱ አልቆመም። የእኛ አገር ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። ዘውዷ ላይ ያለውን ዕንቁ ሳይቀር እየቆጠረ ይቀበል ነበር ይባላል። ስለዚህ መቶ ዓመት ቆይቶ የተሠራውም፣ ከዚያም በኋላ የተሠራው፣ 1780 ይላል። የአያቴ ማርትሬዛ መቼ እንደተሠራ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ሐሙስ፣ እዚህ ላይ ስደርስ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ሚስ፣ ገንዘብ ይዋሻል እንዴ?» አለች። ያን ቀን ሌላ አላስተማርኩም። የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው ወይ? ማነው የጻፈው? ለምን? ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች እነዚህን ጥያቄዎች ራሳቸው አነሷቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብተን በብዙ ገጽ የተማርነውን እነሱ ከአንዲት ማርትሬዛ ላይ አነበቡት።

ስለዚህ እህቴ፣ እንግዳሽን ስትጋብዢ የሚዳሰስ ነገር ይዘው እንዲመጡ ጠይቂያቸው። ሙክት ማረድ አይደለም፣ አሮጌ ቁልፍ ይበቃል፤ የአሞሌ ጨው፣ የድሮ ፎቶ፣ የአያት መስቀል። እንግዳው ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳያወሩ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አይቀየሙም። ከሁለት ቀን በፊት እያንዳንዱ ልጅ ከደብተሩ በተቀደደች ወረቀት አንዲት ጥያቄ ይጻፍ። ስም አያስፈልግም። ጥያቄዎቹን ሰብስበሽ ለእንግዳው ላኪላቸው። እኔ ከእነዚያ ወረቀቶች ያገኘሁትን ከመጻሕፍት አላገኘሁም። አንዱ «ንጉሥ ሲሆኑ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆማሉ?» ብሎ ጽፎ ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። ዳይሬክተሩ «ሌሎቹም ክፍሎች ይስሙ» ብለው አራት ሴክሽን ሜዳ ላይ አሰልፈው በሚኒ ሚዲያው ማይክ እንዳያደርጉት። ማርትሬዛ በማይክ አይዳሰስም። አንቺም ክፍሉ ውስጥ ቆዪ እንጂ ደብተር ለማረም አትውጪ። እኔ ነገ የለሁም። ጥያቄው የሚቀጥለው ካንቺ ጋር ነው።

«ፕሮጀክተር ይዘው ነው የሚመጡት ወይስ እኛ እናዘጋጅ? ስላይድ ቢኖር ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።»

አያስፈልግም። መብራት ሄደ ማለት ጉብኝቱ ሄደ ማለት እንዲሆን አልፈልግም። ጠመኔና ሰፊ ሰሌዳ ካላችሁ ይበቃኛል።

«እትዬ፣ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለ አድዋ ሰምታ መጣች። ማታ እራት ላይ «አባ፣ የሞቱት ጣልያኖችም እናት አላቸው?» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት። እርስዎ ለልጆች ስለ ጦርነት እንዴት ነው የሚያወሩት?»

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ «አላቸው» በላት። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ መልሱን ለመሸከም ዝግጁ ነው ማለት ነው። ልጅህ ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀችህ፤ ንገራት፣ አመስግናት።

እኔ አድዋን ለትንንሽ ልጆች የምጀምረው ከወረቀት ነው። ሁለት ልጆች አስነሳለሁ። ለሁለቱም ተጣጥፎ የታሸገ ወረቀት እሰጣለሁ። «አንድ ዓይነት ውል ነው፣ ተስማምታችሁ ፈርማችኋል» እላቸዋለሁ። ሲከፍቱት የአንዱ «ብትፈልግ ኳሱን በእኔ በኩል መላክ ትችላለህ» ይላል። የሌላው «ኳሱን በእኔ በኩል ብቻ መላክ አለብህ» ይላል። ክፍሉ ይንጫጫል። «ሚስ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው!» ይሉኛል። ከዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል እነግራቸዋለሁ። አንቀጽ 17 በአማርኛው አፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢፈልጉ በጣልያን መንግሥት በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ነው። አንድ ግሥ ነው ልዩነቱ። አራተኛ ክፍል በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ስለ ግሥ የተማሩ ልጆች ግሥ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ይገባቸዋል።

ቀጥሎ መንገዱን እነግራቸዋለሁ። ክተት የታወጀው መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ውጊያው የሆነው የካቲት 23 ቀን። በመሃል ያሉትን ወራት ልጆቹ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው በእግሩ ነው የሄደው። በሶው፣ ቆሎው፣ ጭብጦው። ማን ፈጨው? ማን ተሸከመው? ይህን ስጠይቅ ሴቶቹ ልጆች ቀና ይላሉ። መቀሌ ላይ ምሽጉን ከበው ውሃውን የያዙበትን እነግራቸዋለሁ፤ ሐሳቡ የእቴጌ ጣይቱ እንደነበረ ይነገራል። ልጆች የውሃውን ታሪክ ይወዱታል። ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የአዳማ ልጅ ያውቃል።

የውጊያውን ቀን በአጭሩ ነው የማልፈው። ብዙ ሰው ሞተ እላለሁ፣ ከእኛም ከእነሱም። ደሙን አልዘረዝርም። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የምናገረውን ለስምንት ዓመት ልጅ አልናገርም። ግን የማልናገረው ነገር አለ ማለት የሐሰት ነገር እናገራለሁ ማለት አይደለም።

ለልጅህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ከውጊያው በኋላ ያለው ነው። የተማረኩ ጣልያኖች ነበሩ። ሸዋ ድረስ መጥተው ሰው ቤት ተቀመጡ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰላም ሲፈረም ጣልያን የውጫሌን ውል መሰረዝና የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች። እስረኞቹም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተስማሙ። እንግዲህ ልጅህን «አዎ፣ እናት አላቸው፤ አንዳንዶቹም ወደ እናታቸው ተመልሰዋል» ልትላት ትችላለህ። የእኛዎቹም እናት እንደነበራቸው ጨምርላት። ያልተመለሱትን ስትጠይቅህ እቅፍህ ውስጥ አድርገህ መልስላት።

«በትምህርት ቤታችን ልጆቹ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እርስዎ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። ቢመጡ ይሆናል? ደግሞ ልጆቹ ታሪክ ሲባል ጎንደርና አክሱም ብቻ ይመስላቸዋል። ስለ አካባቢያቸው የሚነገር ነገር ይኖራል?» (ምክትል ርዕሰ መምህር)

በደስታ እመጣለሁ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስሄድ የክፍሉ መምህር አጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአፋን ኦሮሞ መለሱልኝ። የልጆቹን ጥያቄ ደግሞ ለእኔ። ጉብኝቱ እጥፍ ጊዜ ፈጀ፤ ግን እኔም ቀስ ብዬ መናገር ተማርኩ። ከከተማው ስም ነበር የጀመርነው። አዳማ የሚለው ስም አዳሚ ከሚለው ቃል እንደመጣ ይነገራል። «አዳሚ ምንድነው?» አልኳቸው። ከፊሉ በመስኮቱ በኩል ወደ አጥሩ ጠቆሙ። ቁልቋል ነው። ከዚያ «ናዝሬት የሚለውን ማን ሰምቷል?» ስል እጅ በዛ። አያቶቻቸው እንዲያ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማዋ በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች። አንድ ልጅ በጣም ቆይቶ «ታዲያ አያቴ የተወለዱት የት ነው?» አለ። እዚሁ ነው አልነው። ከተማ አንድ ቦታ ቆሞ ስሙ ሊለወጥ እንደሚችል ያን ቀን አየ።

ስለ አካባቢው የጠየቁትማ ልቤን ነካው። የእናንተ ልጆች ከአዋሽ ወንዝ አጠገብ ነው የሚኖሩት። የቧንቧ ውሃቸው ከአዋሽ ነው። እኔ ወለሉ ላይ በጠመኔ አዋሽን እስላለሁ። ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል። መልካ ቁንጡሬ ያልፋል። እዚያ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ቆቃ። ከዚያ ወንጂ። ከዚያ ወደ አፋር ይወርዳል። ባሕር ግን አይገባም፤ አፋር ውስጥ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ልጆቹ መስመሩ ላይ ይሰለፋሉ፣ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ልጅ ይቆማል። ሐዳር ላይ የምትቆመው ልጅ ድንቅነሽ ናት፤ ሉሲ የምትባለው ቅሪተ አካል የተገኘችው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ግድግዳው ላይ ከመሬት 1 ሜትር ከ10 ለክቼ በጠመኔ አሰምራለሁ። ድንቅነሽ ቁመቷ እዚያ ገደማ ነበር። አንደኛ ክፍሎቹ እየተገፋፉ ይቆሙበታል፤ እኩል የሆነ ልጅ ሲገኝ ጭብጨባ ነው። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ ሙሉ አዋቂ የሆነች፣ ቁመቷ ግን የአንደኛ ክፍል ልጅ ያህል።

3.2 ሚሊዮን ለልጅ ምንም ማለት አይደለም፤ ለእኔም ይከብደኛል። ስለዚህ በእርምጃ እናስበዋለን። አንድ እርምጃ መቶ ዓመት ይሁን። አድዋ አንድ እርምጃና ትንሽ ነው። ንጉሥ ኢዛና አሥራ ሰባት እርምጃ ነው፤ የክፍሉ በር ጋ ይደርሳል። ድንቅነሽ ግን 32,000 እርምጃ ናት። የልጅ እርምጃ ግማሽ ሜትር ቢሆን 16 ኪሎ ሜትር፤ ከግቢያችሁ ተነስተው ወንጂን አልፈው ይሄዳሉ። ወንጂ በእግሩ የሄደ ልጅ ካለ፣ የሚገባው ለእሱ ነው።

«ለአንድ ጉብኝት ስንት ያስከፍላሉ? መጽሐፍ ይዘው መጥተው ይሸጣሉ?» (የግል ትምህርት ቤት)

ለመንግሥት ትምህርት ቤት አላስከፍልም። እናንተ የትራንስፖርቴንና የቀኔን የምትችሉትን ያህል ትከፍላላችሁ፤ በስልክ እንነጋገራለን።

የመጽሐፉ ነገር ግን ያመኛል። አንድ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት ለወላጅ ማስታወሻ ተልኮ ነበር። መጽሐፍ የገዙት ልጆች አዳራሽ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ያልገዙት ውጭ ቀሩ። እኔ አላወቅሁም። መናገር ከጀመርኩ በኋላ አንድ ልጅ በመስኮቱ ፍርግርግ አፍንጫውን ለጥፎ ሲያዳምጥ አየሁት። ንግግሬን አቁሜ ሁሉም እንዲገቡ ለመንኩ። ገቡ፣ ወለል ላይ ተቀመጡ። ያ ልጅ ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። የጉብኝቱን ሰዓት በሙሉ እሱን ነበር የማየው። ዛሬም አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ በጉብኝት ቀን መጽሐፍ አልሸጥም። ለቤተ መጻሕፍታችሁ ሁለት ሁለት ቅጂ ይዤ እመጣለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፉ ዳይሬክተር ቢሮ ተሰቅሎ እንዳይቀር። በዕረፍት ሰዓት ክፍት ይሁን። ልጆቹ መጽሐፉን እያገላበጡ ቢያቆሽሹትም ግዴለም፤ ሌላ እሰጣችኋለሁ።

«እትዬ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እንደ እርስዎ የታሪክ ደራሲ መሆን እፈልጋለሁ። አያቴ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። የእሳቸውን ታሪክ ልጽፍ ብዬ ስጠይቃቸው ዓመተ ምሕረት አይነግሩኝም። «የድርቁ ጊዜ»፣ «ንጉሡ ሳይወርዱ» ነው የሚሉኝ። ከየት ልጀምር?»

የኔ ልጅ፣ ጀምረሻል። አያትሽ የሚነግሩሽ ዓመተ ምሕረት ነው፤ አንቺ ትተረጉሚዋለሽ። «ንጉሡ ሳይወርዱ» ካሉሽ ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በፊት ነው። «የድርቁ ጊዜ» ሲሉ የ77ቱን ይሆናል፣ የ66ቱም ሊሆን ይችላል፤ «ልጆች ተወልደው ነበር? ማን ማን?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ይለይልሻል። «ጣልያን የገባ ጊዜ» ካሉ 1928 ዓ.ም. ነው፤ የወጣው 1933። ደግሞ ስትጽፊ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትሽን አትርሺ። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ዓመቱ የቱ እንደሆነ ሳይጻፍ ሲቀር ስንት ነገር እንደሚበላሽ ያየሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር ተኩል አልሞላም። አያትሽን «የድንቅነሽን ወሬ መጀመሪያ የሰሙት የት ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ባቡር ላይ ሆነው ከተሳፋሪ ሰምተው ከሆነ፣ እሱ የማንም መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ስለ ባቡሩ ከእኔ የምትፈልጊው ይሄ ነው። አፄ ምኒልክ ለሥራው ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ለገሃር የምንለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። አሁን የምታዪው የኤሌክትሪኩ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ሌላ መስመር ነው። ይህንን ማንም ሊነግርሽ ይችላል። አያትሽ ብቻ የሚያውቁትን ፈልጊ።

«ታሪክዎን ይንገሩኝ» አትበያቸው። ያን ሲባል ሰው ይጠፋበታል። ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሱ ነበር? ምሳ ምን ይቋጥሩ ነበር? የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት ነበር፣ ምን ገዙበት? ባቡሩ ሲዘገይ ተሳፋሪው ምን ይላቸው ነበር? የሥራ መታወቂያቸው ካለ እንዲያሳዩሽ ለምኚያቸው። ቀኑን በእሱ ታረጋግጫለሽ። አያትሽ ያሉሽን ራሳቸው ባሉበት ቃል ጻፊው፣ «ደሞዝ» ካሉ «ደሞዝ» በይ፣ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ አታዙሪው። ከዚያ አብረዋቸው የሠሩ ሌላ ሰው ካሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ለእሳቸው ጠይቂ። ሁለቱ ከተለያዩ አትደንግጪ፣ ሁለቱንም ጻፊ።

ሦስት ገጽ ሲሞላልሽ ላኪልኝ። በእርሳስ ቢሆንም ግድ የለኝም። አያትሽ ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ጣቢያው ጋ የሚገናኙበት ቀን ካለ ንገሪኝና እኔም መጥቼ ላዳምጣቸው። ከሐሙስ በቀር ሁሌም ይመቸኛል።